«አፍሪካዊ» የሚለው መደብ በሕክምና ሚዛን፦ ስለ ጥንታዊ ፍልሰትና ቅልቅል የቀረቡ የዘረ መል ጥናቶች ሂሳዊ ግምገማ

በውጭ አገር የታተሙ የሕክምና መማሪያ መጻሕፍትን የሚያነብ የጤና ባለሙያ «በአፍሪካውያን ዘንድ» ወይም «በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ» የሚል ሐረግ ደጋግሞ ያጋጥመዋል። አፍሪካውያን በቫይቫክስ ወባ እምብዛም አይያዙም፤ ጥቁሮች ለኩላሊት መድከም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ የጥቁር ሰው ክሬአቲኒን በተለየ ስሌት መተርጎም አለበት የሚሉት አባባሎች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። አባባሎቹ ሳይመረመሩ ከመጽሐፍ ወደ መማሪያ ክፍል፣ ከመማሪያ ክፍል ደግሞ ወደ ሕመምተኛው አልጋ ይሻገራሉ። ይሁን እንጂ «አፍሪካዊ» የተባለው ማን ነው? ናሙናው የተወሰደውስ ከየትኛው ሕዝብ ነው? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ስለ አፍሪካ ሕዝቦች ጥንታዊ ፍልሰትና ቅልቅል ከወጡት የዘረ መል ጥናቶች ዋና ዋናዎቹን መርምሮ፣ ለጤና ባለሙያው የሚበጀውን ከማይበጀው መለየት ነው። የጽሑፉ አቋም በአጭሩ የሚከተለው ነው። እነዚህ ጥናቶች «አፍሪካዊ» የሚለው የሕክምና መደብ በኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ ልክ ያልተሰፋ ልብስ መሆኑን በማስረጃ አሳይተዋል። ሆኖም በጥንቃቄ ካልተነበቡ ያንን አውልቀን «ብሔር» የተባለ፣ እርሱም በልካችን ያልተሰፋ ሌላ ልብስ እንድንለብስ ሊያደርጉን ይችላሉ።

የባንቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች መስፋፋት

ከአፍሪካ ታላላቅ ፍልሰቶች መካከል በሰፊው የተጠናው የባንቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች መስፋፋት ነው። መነሻው በዛሬዎቹ ናይጄሪያና ካሜሩን ድንበር አካባቢ መሆኑን፣ ጉዞውም ከዛሬ 5000 እስከ 4000 ዓመታት በፊት መጀመሩን የቋንቋ፣ የአርኪዮሎጂና የዘረ መል ማስረጃዎች በአንድነት ያመለክታሉ። ዛሬ ከካሜሩን እስከ ኬንያ፣ ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ተዘርግቶ የሚኖር ወደ 350 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የእነዚህ ቋንቋዎች ተናጋሪ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የቆየው ጥያቄ የተጓዘው ቋንቋና የእርሻ ሙያ ብቻ ነው ወይስ ሕዝቡ ራሱ? የሚል ነበር።

ለዚህ ጥያቄ ሰፊ መልስ ከሰጡት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2024 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው፣ በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሴሳር ፎርቴስ ሊማና በካሪና ሽሌቡሽ የተመራው ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ በ14 የአፍሪካ አገሮች ከሚኖሩ 147 ሕዝቦች የተውጣጡ 1526 የባንቱ ቋንቋ ተናጋሪዎችን ጨምሮ የ1763 ሰዎችን ናሙና መርምረዋል፤ በተጨማሪም ከ12 የጥንት ሰዎች አፅም የተገኘ ዲ.ኤን.ኤ. አክለዋል። ውጤቱ እንደሚያመለክተው ከመነሻው ስፍራ በተራቅን ቁጥር የዘረ መል ብዝኃነቱ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህም የሆነው ከነባሩ ሕዝብ ጥቂቶች ተነጥለው አዲስ ሰፈራ ሲመሠርቱ፣ ከእነዚያም መካከል እንደ ገና ጥቂቶች እየተነጠሉ ወደ ፊት ሲጓዙ ስለ ነበር ነው። ስለዚህ የተጓዘው ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ተጉዟል። በየደረሱበትም ከነባር ሕዝቦች ጋር ተቀላቅለዋል፤ በምዕራብ ከደን አዳኞች፣ በደቡብ ከኮይሳን ሕዝቦች፣ በምሥራቅ ደግሞ የእኛን ቋንቋዎች በሚያቅፈው የአፍሮ እስያ ቤተሰብ ከሚናገሩ ሕዝቦች ጋር።

ጥናቱ ምስጋና የሚገባው ነው። ቢሆንም ሁለት ገደቦቹን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ አብዛኛው ማስረጃ የተገኘው ዛሬ ከሚኖሩ ሰዎች ስለ ሆነ ስለ ጥንቱ የሚነግረን በግምት ስሌት እንጂ በቀጥታ አይደለም። ሁለተኛ፣ ግለሰቦቹ የተመረጡት በሚናገሩት ቋንቋ ሲሆን ቋንቋ ደግሞ ከደም ጋር ሁልጊዜ እኩል አይጓዝም።

ይህ ታሪክ ሐኪሙን የሚመለከተው ተጓዦቹ ከዘርና ከብረት ማቅለጥ ጥበብ በተጨማሪ በዘረ መላቸው ውስጥ የተሸከሙት ነገር ስለ ነበር ነው። በወባማው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ክፍል ለብዙ ሺህ ዓመታት በመኖራቸው የተመረጡ ባሕርያት አብረዋቸው ተጉዘዋል። ከማጭድ ሕዋስ በሽታ ጋር የተያያዘው አንዱ የዘረ መል ቅርጽ እስከ ዛሬ «ባንቱ» በሚል ስም መጠራቱ ለዚህ ምስክር ነው። በኋላም በባሪያ ንግድ ወደ አሜሪካ የተጋዙት አብዛኞቹ ሰዎች ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የተወሰዱ ስለ ነበሩ፣ በአሜሪካ «ጥቁር» ተብሎ የተጠናው ሕመምተኛ በአመዛኙ የዚህ የአህጉሩ ክፍል ዝርያ ነው። የመማሪያ መጽሐፎቻችን «አፍሪካዊ» የሚሉት እንግዲህ እርሱን ነው። የባንቱ ተናጋሪዎች ጉዞ ግን እስከ ኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል አልዘለቀም። የእኛ የፍልሰትና የቅልቅል ታሪክ ሌላ ነው።

በአገራችን ላይ የተደረጉት ጥናቶች

እ.ኤ.አ. በ2012 ሉካ ፓጋኒ ከኢትዮጵያውያኑ አየለ ታረቀኝና ከፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ እንዲሁም ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ያቀረበው ጥናት በዚህ መስክ እንደ መነሻ ይጠቀሳል። ከዐሥር የኢትዮጵያና ከሁለት የጎረቤት ሕዝቦች የተውጣጡ 235 ሰዎች ተመርምረዋል። በጥናቱ መሠረት የሴማዊና የኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪ በሆኑት ዘንድ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው የዘረ መል ድርሻ ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር የሚዛመድ ነው። የሚቀርበውም ከዐረብ ልሳነ ምድር ይልቅ ለሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ጠረፍ ሕዝቦች ሲሆን፣ ቅልቅሉ የተፈጸመው ከዛሬ 3000 ዓመት ገደማ በፊት ነው ተብሎ ተገምቷል። ወሬው እንደ ተሰማ መገናኛ ብዙኃን ከንግሥተ ሳባ ታሪክ ጋር አያይዘው አስተጋቡት።

እዚህ ላይ የጊዜ ግምቱ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ይገባል። ሁለት ሕዝቦች ሲቀላቀሉ ልጆቻቸው የእያንዳንዱን ወገን ክሮሞዞም በረጃጅም ቁራጭ ይወርሳሉ። ከዚያ በኋላ በየትውልዱ ክሮሞዞሞቹ ስለሚቆራረጡና ስለሚለዋወጡ ቁራጮቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። የቁራጩ ርዝመት ተለክቶ፣ ስንት ትውልድ እንዳለፈ ይሰላል። ስሌቱ ግን ቅልቅሉ በአንድ ወቅት ብቻ የተፈጸመ ነው ከሚል ታሳቢ ይነሣል። በቀይ ባሕር ዳርና ዳር የሚኖሩ ሕዝቦች ለብዙ ሺህ ዓመታት ተመላልሰው ከሆነ፣ አንዱ ቀን የብዙ ቀኖች ጥላ ነው፤ ያውም ወደ ቅርቡ ያደላ። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ2014 ጄሰን ሆጅሰንና ባልደረቦቹ ባቀረቡት ጥናት በአፍሪካ ቀንድ ከሚገኘው የውጭ ድርሻ ከፍተኛው ክፍል እርሻ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዛሬ 23000 እስከ 12000 ዓመታት ባለው ጊዜ ውስጥ የገባ ሳይሆን እንደማይቀር ተከራክረዋል። ሁለቱ ጥናቶች የተለያየ ጥያቄ ለተመሳሳይ ማስረጃ አቅርበው የተለያየ ቀን አግኝተዋል። በመሆኑም «ሳይንስ የንግሥተ ሳባን ታሪክ አረጋገጠ» ማለትም፣ «ሳይንስ አፈረሰው» ማለትም ከማስረጃው በላይ መናገር ነው።

የሞታ ዋሻ ትምህርት

በዘመናችን ሰዎች ላይ ብቻ ከመመሥረት የሚያድነው የጥንት አፅም ነው። በጋሞ ደጋማ ስፍራ ከሚገኘው ሞታ ዋሻ (በጎጃም ካለችው ሞጣ ከተማ ጋር አይምታታ) የተገኘው አፅም እ.ኤ.አ. በ2015 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲቀርብ ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው የጥንት ሰው ሙሉ ጂኖም በመሆኑ ከፍተኛ ትኩረት ስቧል። ባለ አፅሙ ከዛሬ 4500 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ወንድ ሲሆን፣ ከእስያና ከአውሮፓ ሕዝቦች የመጣ ድርሻ በዘረ መሉ ውስጥ አልተገኘም። ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ይበልጥ የሚዛመደውም ከአሪዎች ጋር ነው። በመሆኑም ሞታ ከዋነኛው ቅልቅል በፊት የነበረው ሕዝብ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያሳይ መነጽር ሆኖ አገልግሏል።

ጥናቱ መጀመሪያ ሲወጣ ግን ከዚህ የላቀ ነገር ተናግሮ ነበር። ከውጭ የመጣው ቅልቅል ምሥራቅ አፍሪካን አልፎ በናይጄሪያ ዮሩባዎችና በኮንጎ ደን ምቡቲዎች ዘንድ ሳይቀር ደርሷል፤ መላውን አህጉር አዳርሷል የሚል ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን ሲደግሙት ውጤቱ አልመጣም። ምክንያቱ ሲፈለግ መረጃው ከአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲዛወር፣ የሞታው ሰው ከማመሳከሪያው ጂኖም ጋር የሚመሳሰልባቸው ነጥቦች ተዘልለው መቅረታቸው ታወቀ። ስለዚህ ሌሎቹ አፍሪካውያን ሁሉ ከእርሱ ይልቅ ወደ ውጭው ሕዝብ የቀረቡ መስለው ታዩ። አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በ2016 እርማት አወጡ፤ «በመላው የአፍሪካ አህጉር» ይል የነበረው ርእስም «በምሥራቅ አፍሪካ» ተብሎ ተስተካከለ።

ይህ ታሪክ ተመራማሪዎቹን የሚያስከብር እንጂ የሚያዋርድ አይደለም፤ ስሕተቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ተገኝቶ በአደባባይ ታርሟል። ትምህርቱ ለእኛ ለአንባቢዎች ነው። ሰፊው አባባል በዓለም ሁሉ ተናኘ፤ እርማቱን ግን ጥቂት ሰው ሰማው። አዲስ የመድኃኒት ጥናት ሲወጣ በማጠቃለያው ብቻ የማንረካ ከሆነ ስለ ሕዝቦች ታሪክ የሚወጣውንም በዚያው ዓይን ማንበብ ይገባናል።

ቀጥቃጮችና አራሾች

ከሁሉ ይበልጥ የጤና ባለሙያውን ኅሊና የሚነካው ግን በአሪዎች ላይ የተደረገው ጥናት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በሚኖረው የአሪ ሕዝብ ውስጥ ብረት ቀጥቃጮች ከአራሾች ጋር በጋብቻ ሳይቀላቀሉ ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ናሙናቸው በኮምፒውተር ተመድቦ በቀለም ሲሣል ቀጥቃጮቹ ለብቻቸው አንድ ቀለም ይዘው ወጡ። ሥዕሉን ያየ ሰው «እነዚህስ ከሌላው የተለየ ጥንታዊ ዘር ቅሪት ናቸው» ቢል አይፈረድበትም፤ እንዲህ ያለ አስተያየትም ቀርቦ ነበር።

ሉሲ ቫን ዶርፕ፣ ጋረት ሄለንታልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሥራ ይህን ንባብ ፈትነው ውድቅ አደረጉት። በረቀቀ ስሌት ሲመረመር ቀጥቃጮቹና አራሾቹ ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ የወጡ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱን የፈጠረው መገለሉ ራሱ ነው። ጥቂት ሰዎች እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ በየትውልዱ የዘረ መል ብዝኃነታቸው ይጠባል፤ በዕድል ብቻ ከሌላው እየተለዩ ይሄዳሉ፤ ኮምፒውተሩም ይህን ልዩነት እንደ ልዩ መነሻ አድርጎ ይሥለዋል። በሌላ አነጋገር ማኅበረሰቡ መጀመሪያ አገለላቸው፣ መገለሉ ለያቸው፤ ቆይቶም ልዩነታቸው ለመገለላቸው ምክንያት ተደርጎ ሊቀርብ ምንም አልቀረውም።

ቀጥቃጭን፣ ሸክላ ሠሪንና ፋቂን «ቡዳ» እያለ ሲያገልል በኖረ አገር የዚህ ግኝት ክብደት ለአንባቢ የተሰወረ አይደለም። የላቦራቶሪ ሥዕል ያለ ጥንቃቄ ቢተረጎም የጥንቱን ስም ማጥፋት በሳይንስ ማኅተም ያጸድቀው ነበር። ለሐኪሙ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። በመገለል ምክንያት የዘረ መል ብዝኃነቱ የጠበበ ማኅበረሰብ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረሱ ብቻ ለሚገለጡ በሽታዎች ሊጋለጥ ይችላል። ይህ አደጋ የመጣው ከ«ዘራቸው» ሳይሆን ከደረሰባቸው በደል መሆኑን ማወቅ ሕመምተኛውን የምናይበትን ዓይን ይለውጣል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሳዮአ ሎፔዝና ባልደረቦቿ ከ68 ብሔረሰቦች በተውጣጡ 1214 ኢትዮጵያውያን ላይ ያደረጉት ጥናት ይህንኑ አስፍቶ አሳይቷል። በጥቅሉ ሲታይ ቋንቋቸው የሚቀራረብ ሕዝቦች ዘረ መላቸውም ይቀራረባል። ነገር ግን በቋንቋ እጅግ የሚራራቁ ሆነው ሳለ በዘረ መል በጣም የተቀራረቡም ተገኝተዋል፤ ለዚህ በከፊል የቅርብ ጊዜ መቀላቀል ምክንያት ሊሆን ይችላል። ባህላዊ ልማዳቸው የሚመሳሰል ሕዝቦችም በመካከላቸው የመቀላቀል ምልክት ጎልቶ ታይቷል። እንግዲህ የብሔረሰብ ስም አጥር አይደለም፤ ብዙ ሰው የተመላለሰበት በር ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመለስ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ በየዕለቱ ሥራችን ላይ የሚያመጣው ለውጥ በሦስት ምሳሌዎች ሊታይ ይችላል።

የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ኮዴይንንና ትራማዶልን በጉበት ውስጥ ወደ ጠንካራው ቅርጻቸው የሚለውጠው ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 የተባለው ኤንዛይም ነው። ኤሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኤንዛይም ዘረ መል ከተለመደው በላይ ተደጋግሞ የሚገኝባቸው ሆነዋል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይኸው ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። በሳውዲ ዐረቢያም እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት ከአምስት ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ አግኝቶታል፤ ይህም ቀይ ባሕር ከሚለያየን ይልቅ የሚያገናኘን መሆኑን ያስታውሳል። በአንጻሩ በዚምባብዌ የባንቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ ተዘውትሮ የተገኘው የኤንዛይሙን ሥራ የሚያዘገየው ቅርጽ ነው። ልብ በሉ፤ በአንድ «አፍሪካዊ» ስም በሚጠሩ ሁለት ሕዝቦች ዘንድ አንዱ መድኃኒት በተቃራኒ አቅጣጫ ይሠራል። ፈጣን ለውጥ ያለው ሰው በተለመደው መጠን ከመጠን በላይ ሊደነዝዝ፣ አተነፋፈሱም ሊታፈን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንና ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመም ማስታገሻነት እንዳይሰጡ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ትራማዶል እንደ ቀላል ማስታገሻ በሚታይበት በእኛ አገር ማስጠንቀቂያው ከማንም ይልቅ የሚመለከተው እኛን ነው።

ሁለተኛው ኩላሊት ነው። በአሜሪካ የተዘጋጁት የኩላሊት ማጣሪያ አቅም ስሌቶች ለ«ጥቁር» ሕመምተኛ ውጤቱን ያበዙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ስሌት ማባዣ 1.159 ነው። ይህ ቁጥር የተገኘው ከአሜሪካውያን ጥቁሮች ሲሆን ለኢትዮጵያዊ የሚሠራበት ምክንያት የለም። ጉዳቱን በምሳሌ እንመልከት። ውጤቱ 27 የሆነ የስኳር ሕመምተኛ በማባዣው 31 ይሆናል። ከ30 በታች ሊቋረጥ የሚገባው ሜትፎርሚን እንዲቀጥል ይደረጋል። ውጤቱ 55 የሆነው ደግሞ ወደ 64 ከፍ ብሎ ከክትትል ውጭ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ዘርን አስወግዶ ተሻሽሏል፤ ነገር ግን አሮጌው ቀመር በላቦራቶሪ ማሽኖችና በስልክ መተግበሪያዎች ውስጥ እንዳልቀረ ማረጋገጥ የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው። በተመሳሳይ መንገድ ጥቁሮችን ለኩላሊት መድከም የሚያጋልጡት የአፖ.ኤል.1 ዘረ መል ቅርጾች በምዕራብ አፍሪካ ከእንቅልፍ በሽታ ስለሚከላከሉ የተመረጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በእስራኤል በሚኖሩና ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ባለ ኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገ ጥናት ግን ቅርጾቹም፣ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የተያያዘው ልዩ የኩላሊት በሽታም አልተገኙም። ኢትዮጵያዊ ኩላሊቱ ሲደክም «በዘሩ ነው» ብሎ ማለፍ እንግዲህ ትክክለኛውን መንሥኤ ላለመፈለግ ሰበብ ይሆናል።

ሦስተኛው ወባ ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ደፊ የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ተገልጿል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉ ደፊ አልባ ነው። በኢትዮጵያ ግን እንዲህ ያለው ከፊሉ ብቻ ስለ ሆነ ቫይቫክስ ከዋነኞቹ የወባ ዓይነቶች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ሐኪም ወደ እርሱ የሄደውን ኢትዮጵያዊ ፋልሲፓረም ብቻ አድርጎ ቢያየው፣ በጉበት ተደብቆ የሚያገረሸውን ሳያክም ይሸኘዋል። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2010 በማዳጋስካር፣ ቆይቶም በአገራችን ደፊ አልባ ሰዎችም በቫይቫክስ ሲያዙ ታይተዋል። ሕጉ ለሕዝብ ይሠራ ይሆናል፤ ፊታችን ለተቀመጠው ግለሰብ ግን የደም ናሙናው ነው የሚፈርደው።

ሁሉ ነገር ዘረ መል አይደለም

ከላይ ያሉት ምሳሌዎች አንባቢን ወደ ሌላ ጽንፍ እንዳይወስዱ ማስጠንቀቅ ይገባል። በኢትዮጵያና በኔዘርላንድ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ዘመን፣ ኤች.አይ.ቪ. የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን የሲ.ዲ.4 ቁጥር ከአውሮፓውያን ዝቅ ብሎ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ተዘግቧል። ወዲያው ወደ አእምሮ የሚመጣው «ተፈጥሯችን ነው» የሚል ማብራሪያ ነው። ሆኖም ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች የቁጥሩን ዝቅታ ሥር ከሰደደ የአንጀት ትላትል ሕመም ጋር ተያይዞ አግኝተውታል። ትልን በዘር ስም መጥራት የሚታከመውን የማይታከም ማድረግ ነው።

ዘረ መልንና አካባቢን በአንድነት የማየት መልካም አርአያ የሚሆነው በፖዶኮኒዮሲስ ላይ የተሠራው ሥራ ነው። ፋሲል ተኮላ አየለ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው፣ ለበሽታው ተጋላጭ የሚያደርገውን የመከላከያ ሥርዓት ዘረ መል ለይተዋል። ተነጻጻሪዎቹ ከአንድ አካባቢና ከአንድ ሕዝብ የተመረጡ ስለ ነበሩ የፍልሰት ታሪክ ልዩነት ውጤቱን አላሳሳተውም። ይሁንና ሕመሙን በቤተሰብ የተወሰነ «የዘር እርግማን» አድርጎ ጋብቻ ለሚከለክለው ማኅበረሰብ ግኝቱ ሳይብራራ ቢነገር መርዝ ይሆን ነበር። መድኃኒቱ ዛሬም ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው፤ ዘረ መሉ ያለበትም ሰው ጫማ ካደረገ አይታመምም።

የብሔር ጥያቄ በካርድ ክፍል

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠርዝ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ የምትገኘውን ፉሪን እንውሰድ። ከጅቡቲ የሚመጣው የባቡር መስመር መንገደኛውን የሚያወርደው በዚሁ በፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። ከተራራው ግርጌ ከዚያው የተወለደ፣ ከሰሜን የመጣ፣ ከደቡብ ወጥቶ ቤት የሠራ፣ አባቱ ከአንዱ እናቱ ከሌላው የሆነ በአንድ መንደር ይኖራል። በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚሠራ የጤና ባለሙያ ከካርዱ ላይ የሕመምተኛውን ብሔር ቢያነብ ምን ያተርፋል? ስለ ትራማዶሉ መጠን አይነግረውም፤ የክሬአቲኒኑን ትርጉም አይለውጥለትም፤ ወባው የትኛው እንደ ሆነ አይለይለትም። ከቅድመ አያቶቹ ስንቱ ከየት እንደ መጣ ባለቤቱም ሙሉ በሙሉ አያውቀውም። በሌላ በኩል ጥያቄው ራሱ በዚህ ዘመን በሕመምተኛው ልብ የሚያስገባው ፍርሃት አለ፤ የፈራ ሕመምተኛ ደግሞ ታሪኩን አሳጥሮ ይናገራል፣ ለክትትልም አይመለስም። ጠቃሚዎቹ ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። የት ተወለድህ? የት ኖርህ? ወደ ቆላ ወርደህ ታውቃለህ? በቤተሰብህ በመድኃኒት የተጎዳ አለ? ወላጆችህ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው? እነዚህ የበሽታን መንገድ ያሳያሉ፤ ማንንም አያስቀይሙም።

ማጠቃለያ

የተመረመሩት ጥናቶች በድክመታቸውም በጥንካሬያቸውም አንድ ነገር ያስተምራሉ። የአፍሪካ ሕዝቦች ታሪክ የጉዞና የመቀላቀል ታሪክ ነው፤ የባንቱ ተናጋሪዎችም፣ የእኛም። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ጥቅም «እኔ ማን ነኝ» ለሚለው ክርክር ማገዶ ማቀበል አይደለም። ጥቅሙ ከሌላ ሕዝብ የተወሰደ ሕግ በሕመምተኛችን ላይ ከመጫኑ በፊት ናሙናው ከየት ነው? ብለን እንድንጠይቅ ማንቃቱ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ቢደረጉ መልካም ነው። ላቦራቶሪዎቻችን የሚጠቀሙባቸው መደበኛ መለኪያዎችና ቀመሮች የማን ሕዝብ እንደ ሆኑ ተፈትሸው፣ በተለይም በዘር የሚባዛው የኩላሊት ስሌት ካለ ይወገድ። የመድኃኒትና የዘረ መል ግንኙነት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና ዩኒቨርሲቲዎቻችን ባላቸው አቅም በአገር ውስጥ ይስፋፋ፤ ናሙና ወደ ውጭ ሲሄድም ውጤቱ ናሙናውን ለሰጠው ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ይመለስ። በመጨረሻም በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን «በአፍሪካውያን ዘንድ» የሚለው ሐረግ በተነበበ ቁጥር መምህሩ «የትኞቹ?» ብሎ ተማሪውን ይጠይቅ። ተማሪው መልሱን ለመፈለግ ሲነሣ የሚያገኘው ከመጽሐፉ የራቀውን፣ ነገር ግን ነገ በእጁ የሚታከመውን ሰው ነው።